አውቶቡሱን ቤት አድርጎ በሐብሩና በወልድያ ማደር

በታኅሣሥ መጨረሻ ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው መንገድ ዳር የቆመ ሰው፣ ጣሪያቸው ላይ ፍራሽና ድስት የተቆለለባቸው አውቶቡሶች ተከታትለው ሲያልፉ ያያል። ለገና ወደ ላሊበላ የሚጓዙ ምዕመናን ናቸው። በሌላው ዓለም አልጋ፣ ኩሽናና ሽንት ቤት የተገጠመለት ትልቅ መኪና ይዞ ከአገር አገር የሚዞር ሰው፣ በየደረሰበት ውሃ የሚቀዳበት፣ ፍሳሽ የሚደፋበትና መብራት የሚሰካበት ማረፊያ ተዘጋጅቶ ይጠብቀዋል። እኛ ጋ ያንን ሥራ የሚሠራው ባለ 60 ወንበር አገር አቋራጭ አውቶቡስ ነው። ማረፊያውም የቤተ ክርስቲያን ቅጥር፣ የትምህርት ቤት ሜዳ ወይም ግቢው ሰፋ ያለ ሆቴል ነው። ቧንቧው ብዙ ጊዜ አንድ ነው፤ እሱም በፈረቃ የሚመጣ። ሽንት ቤቱ ለአንድ ቤተሰብ ተብሎ የተቆፈረ ይሆናል፤ እርስዎ ግን ስልሳ ሰው ይዘው ደርሰዋል።

ይህ ጽሑፍ ለጉዞ አስተባባሪው ነው። አስተባባሪዎች አብዛኛውን ሐሳባቸውን የሚያፈሱት በምግቡና በድምፅ ማጉያው ላይ ነው። ምግብ ግን ጎድሎ አያውቅም፤ እናቶች ባሉበት ጉዞ የሚተርፈው እንጂ የሚያንሰው አይታይም። ጉዞን የሚያበላሹት አምሽቶ መድረስ፣ ውሃና ሽንት ቤት ናቸው። ስለዚህ ከዚህ በታች ለምግብ የተሰጠው ቦታ ጥቂት ነው።

ቀኑን ያሳጥሩ

ከአዲስ አበባ ወልድያ 520 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የመደበኛ መስመር ሾፌር በአንድ ቀን ሊገባ ይችላል። ሰው፣ ፍራሽና ድንኳን የጫነ የጉዞ አውቶቡስ ግን ጣርማበርን ወጥቶ ወደ ሸዋ ሮቢት ወርዶ፣ ከሚሴንና ኮምቦልቻን አልፎ፣ የደሴን ዳገት ተያይዞ በአማካይ በሰዓት ከ45 ኪሎ ሜትር በላይ ይሄዳል ብለው አይቁጠሩ። ይህ ብቻውን 12 ሰዓት ገደማ ነው። ቁርስና ምሳ፣ ኬላው፣ ልጇ ያስመለሰባት እናት ሲደመሩበት መድረሻዎ ጨለማ ነው። በጨለማ የደረሰ ሰው ቦታ አይመርጥም፤ የተገኘው ላይ ይወድቃል።

መንገዱን ለሦስት ቀን ይክፈሉት። የመጀመሪያው ቀን ኮምቦልቻ ወይም ደሴ ያብቃ። ሁለተኛው ቀን ሆን ተብሎ አጭር ይሁን፤ ከደሴ ወልድያ 120 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ ሐይቅን፣ ውጫሌንና ውርጌሳን አልፈው እኩለ ቀን ላይ መርሳ፣ ትንሽ ቆይተው ወልድያ ይገባሉ። ሦስተኛው ቀን ለዳገቱና ለላሊበላ ነው። «ቀኑን በከንቱ አባከናችሁት» የሚል አይጠፋም። ጄሪካን ይስጡትና ውሃ ያስቀዱት።

ቀኑን ሲቆጥሩ ገና ሁልጊዜ ታኅሣሥ 29 እንዳልሆነ አይርሱ። ጳጉሜን ስድስት ሆና ባለፈች ማግስት በሚብተው ዓመት፣ ማለትም በዘመነ ዮሐንስ፣ በዓሉ ታኅሣሥ 28 ይውላል፤ በ2016 ዓ.ም. እንደሆነው ማለት ነው። በሌላው ዓመት 24 ማለዳ ከአዲስ አበባ ቢነሱ 26 ላሊበላ ይገባሉ፤ በዘመነ ዮሐንስ አንድ ቀን ያስቀድሙ። ከዚያ በኋላ የሚገባ አውቶቡስ መቆሚያ ፍለጋ ሲዞር ያመሻል።

የሁለተኛው ሌሊት የት ይሁን? መርሳ የሐብሩ ወረዳ ከተማ ናት፤ ከወልድያ በ30 ኪሎ ሜትር ያህል ትቀድማለች። ሞቃትና ትንሽ ናት፤ ከአምባሰል በኩል ብርድ ይዞት ለመጣ ሰው ትመቻለች። ወልድያ የሰሜን ወሎ ዞን ከተማ ስትሆን ጋራዥ፣ ማደያ፣ ሆቴልና ኮምፕርሄንሲቭ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል አላት። ነገር ግን መንገዱ ሁሉ የሚገናኘው እዚያ ነው፤ ወደ ቆቦና አላማጣ፣ ወደ ጋሸናና ወረታ፣ በሐራ በኩል ወደ ጭፍራና ሚሌ የሚሄደው ሁሉ ስለሚያልፍባት በገና ሰሞን ትጨናነቃለች። የእኔ ምርጫ እንዲህ ነው፤ ቦታው አስቀድሞ ከተያዘና ሁሉም ጤነኛ ከሆነ መርሳ ይደር። ሞተሩ ወይም ፍሬኑ ያልተለመደ ድምፅ ካሰማ፣ ወይም በአውቶቡሱ ውስጥ የታመመ ሰው ካለ ግን ሳይከራከሩ ወልድያ ይግቡ።

የጸጥታውን ነገር ሳያነሱ ማለፍ አይቻልም። ወልድያ በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ መሐል ቆይታለች፤ ከ2015 መጨረሻ ወዲህም በክልሉ ግጭት ስላለ መንገድ ይዘጋል፣ ይከፈታል። ከመነሳትዎ በፊት ባለው ቀን መርሳና ወልድያ ላሉ ሰዎች ደውለው ይጠይቁ፤ በየማለዳውም ይድገሙት። ከደብሩ የተጻፈ ደብዳቤና የተሳፋሪዎቹን ዝርዝር በብዙ ቅጂ ይያዙ፤ ሁሉም መታወቂያው ከእጁ አይራቅ። ማታ አይንቀሳቀሱ። መንገዱ ተዘጋ ከተባለ ደሴ ላይ መጠበቅ ወይም መመለስ እንደሚኖር ተሳፋሪው ገና ሲመዘገብ ይነገረው።

አውቶቡሱን ይለኩት

ውል ሲዋዋሉ አውቶቡሱ ሌሊቱን ሁሉ ከእናንተ ጋር እንደሚያድር ይጻፍበት። ያ ካልተጻፈ ሾፌሩ ሰዉን አውርዶ መኪናውን ወደ ሌላ ግቢ ሊወስደው ይችላል፤ ያኔ ቤትዎ ሄደ ማለት ነው። ሾፌሩንና ረዳቱን ግን መሬት ላይ አያስተኟቸው። አልጋ ይከራዩላቸው። ስልሳው ሰው ሜዳ ላይ ቢያድር ችግር የለውም፤ ነገ ዳገቱን የሚወጣው ሰው እንቅልፍ ያጣ እንደሆነ ነው ችግሩ።

ባለ 12 ሜትር አውቶቡስ በአንድ ጊዜ ለመዞር 24 ሜትር ያህል ክፍት ቦታ ይፈልጋል። ስለዚህ ቦታ የሚያፈላልገው ሰው የበሩን ስፋት ብቻ አይቶ «ይገባል» እንዳይል፤ ውስጡን በእርምጃ ይለካ። ቁመቱንም ዕቃው ጣሪያ ላይ ከተጫነ በኋላ በሜትር ይለኩና ቁጥሩን ከሾፌሩ ፊት ይለጥፉት። በየትምህርት ቤቱና በየደብሩ ግቢ የኤሌክትሪክ ሽቦ ዝቅ ብሎ ያልፋል፤ ፖርቶ መጋላ ላይ የተቆለለ ፍራሽ ሽቦ ጎትቶ የበጠሰ ዕለት እንግድነቱ ያበቃል።

ጣሪያ ላይ የሚወጣው ቀላል ነገር ብቻ ነው፤ ፍራሽ፣ ብርድ ልብስ፣ ባዶ ጄሪካን፣ የድንኳን ሸራ። ውሃ፣ ጤፍ፣ የጋዝ ሲሊንደርና ጄኔሬተር ከታች ዕቃ ማስቀመጫው ውስጥ ይግቡ። ከላይ የከበደ አውቶቡስ በጠመዝማዛ መንገድ ላይ ይዋዥቃል፤ ሾፌሩ ይህን ያውቃል፣ ተሳፋሪው ግን «ከላይ ቦታ አለ» እያለ ይጭንበታል። ተቆጣጣሪ ይመድቡ።

ከዕቃው መካከል የማይረሱት፦ ለጎማ የሚሆን አራት ታኮ፣ ክሪክ፣ ያልተበላ ስኮርት ጎማ፣ ሁለት ዶማና ሁለት አካፋ፣ ካስማና ብዙ ሲባጎ፣ ሦስት ትልልቅ ሸራ፣ ፓውዛ፣ ለእያንዳንዱ ሰው የእጅ ባትሪ። አካፋው ለሽንት ቤትም፣ ጎማ ሲሰምጥም ያገለግላል።

ቦታውን መምረጥና መጠየቅ

ከተቻለ ሁለት ሰው ከሳምንት በፊት ይሂዱና ይዩ። ካልተቻለ በስልክ ይያዙት፤ በመድረሻው ቀን ደግሞ ከቀኑ 10 ሰዓት በፊት ይግቡ። በታኅሣሥ 12 ሰዓት ሲሆን ይጨልማል፤ ድንኳን ለመትከል፣ ውሃ ለመቅዳትና ጉድጓድ ለመቆፈር ሁለት ሰዓት ቢያንስ እንጂ አይተርፍም።

ቅጥሩ የቤተ ክርስቲያን ከሆነ አስተዳዳሪውን በአካል ያግኙ። ቡራኬያቸውን ከተቀበሉ በኋላ ነገሩን በግልጽ ያቅርቡ፦ «አባታችን፣ ከአዲስ አበባ ወደ ላሊበላ የምንሄድ 58 ምዕመናን ነን። ለአንድ ሌሊት ከቅጥሩ እንድናድር ይፈቀድልን። ውሃና ማብሰያ ይዘናል፤ የምንለምንዎት ቦታና የሽንት ቤት ነገር ነው። ነገ 12 ሰዓት ጠርገን እንወጣለን።» ቁጥሩን አያሳንሱ። «ጥቂት ሰዎች ነን» ብሎ ስልሳ ሰው ያወረደ አስተባባሪ፣ በሚቀጥለው ዓመት የሚመጣውን ሌላ ማኅበር በር ይዘጋበታል። ለደብሩ የሚሰጠውንም ሲገቡ ይስጡ እንጂ ጠዋት በጥድፊያ መሐል አይሁን።

ትምህርት ቤት ከሆነ ርእሰ መምህሩንና ቀበሌውን፣ የሰው ማሳ ዳር ከሆነ ባለቤቱን ይጠይቁ። በሐብሩ ክርስቲያኑና ሙስሊሙ ጎን ለጎን የሚኖር፣ ለቅሶና ሰርግ የሚደራረስ ሕዝብ ነው። በአካባቢው መስጊድ ካለ ሼሁን ወይም አንድ ሽማግሌን ሄዶ ሰላም ማለት ይገባል፤ ብዙ ጊዜ ውሃ የት እንዳለ የሚነግሩዎትም እነሱ ናቸው። ድምፅ ማጉያው በአዛን ሰዓት ይዘጋ፤ ከምሽቱ 2 ሰዓት በኋላ ደግሞ ጨርሶ አይከፈት። መንገደኛው ነገ ይሄዳል፤ ጎረቤቱ ግን ማለዳ ተነስቶ የሚያጠጣው ማሳ አለው።

መሬቱን በእግርዎ ይፈትሹ። በመርሳና በጊራና አካባቢ በመስኖ የሚለማ ብዙ መሬት ስላለ፣ ከላይ ደረቅ የሚመስል ከሥሩ የራሰ ቦታ ያጋጥማል። ተረከዝዎን ገፋ አድርገው ሲረግጡ የሚሰምጥ መረሬ ወይም ዋልካ ላይ አውቶቡስ አያስገቡ፤ ባዶውን 10 ቶን የሚደርስ መኪና ከዚያ የሚወጣው በትራክተር ነው። ጠጠር ያለበት ጠንካራ ሜዳ ይሻላል፤ እንቅልፍ ባያስተኛም ጠዋት ያስወጣል።

ደረቅ የወንዝ አሸዋ ለጥ ያለና ንጹሕ ስለሆነ ዓይን ይስባል። እዚያ አይደሩ። ከሐብሩ በስተ ምዕራብ ያለው ተራራ ላይ የዘነበ ዝናብ፣ መርሳ ላይ ኮከብ እየታየ ሌሊት ጎርፍ ሆኖ ይወርዳል። በታኅሣሥ ስጋቱ አነስተኛ ነው፤ ይህንኑ መመሪያ ይዞ በበልግ ወራት ወይም በመስከረም ለግሸን የሚሄድ ሰው ግን ይህችን አንቀጽ ሁለቴ ያንብባት።

አውቶቡሱ አፍንጫውን ወደ መውጫው አዙሮ ይቁም። ሌሊት የታመመ ሰው ቢኖር ወደኋላ እየነዱ በድንኳኖች መሐል መውጣት አደጋ ነው። ከቆመ በኋላ የእጅ ፍሬን ብቻ አይበቃም፤ ታኮው ይግባ። ከጎማው ፊትና ኋላ ማንም እንዳይተኛ ሲባጎ ይዘርጉበት።

ውሃ

ድንኳን ከመተከሉ በፊት አራት ወጣት ጄሪካን ይዞ ይሂድ። ይህ ቅደም ተከተል አይገለበጥ፤ ውሃው በፈረቃ የሚመጣ ከሆነ ከ11 ሰዓት በኋላ ቦኖው ሊዘጋ ይችላል።

ስፊር የተባለው ዓለም አቀፍ የእርዳታ መለኪያ በመጠለያ ላለ ሰው በቀን ቢያንስ 15 ሊትር ውሃ ያስባል። እርስዎ ለአንድ ሌሊት ስለሆነ በግማሹ ሊያብቃቁት ይችላሉ፤ ለመጠጥ 3፣ ለማብሰያ 2፣ ለመታጠቢያ 3 ሊትር ቢሉ ለአንድ ሰው 8 ሊትር ነው። ለ60 ሰው 480 ሊትር፣ ማለትም 24 ባለ 20 ሊትር ጄሪካን ይሆናል። ክብደቱ 480 ኪሎ ነው። ይህን ሁሉ ከአዲስ አበባ ተሸክሞ ጣርማበርን መውጣት ናፍታ ማቃጠል ስለሆነ፣ ለመንገድ የሚጠጣውን ስድስት ጄሪካን ብቻ ሞልተው የቀረውን ባዶውን ይውሰዱ። ባዶው መርሳ ወይም ወልድያ ይሞላል።

ቦኖ ላይ በተራ ይቁሙ፤ እንደ ማንኛውም ሰው ይክፈሉ። ሃያ አራት ጄሪካን አንድ ላይ ደርድሮ የሰፈሩን ሴቶች ከኋላ ማስቆም ጠብ ይጭራል፤ ስድስት ስድስት እያደረጉ ሰፈርተኛውን እያሳለፉ ይቅዱ። እኩለ ቀን ላይ የደረሰ ሰው ይህን ለማድረግ ጊዜ አለው።

የሚጠጣው ጄሪካን አንገት ላይ ነጭ ጨርቅ፣ የመታጠቢያው ላይ ቀይ ጨርቅ ይታሰር፤ ማታ በባትሪ ብርሃንም ይለያል። ውሃው ከቧንቧ ቢመጣም ውሃ አጋር ይጨምሩበት፤ መጠኑ ጠርሙሱ ላይ ተጽፏል፤ ካደረጉበት በኋላ 30 ደቂቃ ሳይጠጣ ይቆይ። ደፍርሶ ከሆነ መጀመሪያ በነጠላ እጥፍ ይጠለል። ይህን የማጥበቄ ምክንያት አለ። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በምዕራብ ጎንደር ቋራ ወረዳ፣ በበርሜል ጊዮርጊስ ጸበል ብዙ ሕዝብ በተሰበሰበበት ኮሌራ ተነስቶ ነበር። እምነት ያሰባሰበው ሕዝብ ውሃና ሽንት ቤት ሲያንሰው የሚሆነው ይኸው ነው።

እጅ መታጠቢያውን እንዲህ ይሥሩት። ባለ 5 ሊትር ጄሪካን ይውሰዱና ከክዳኑ ዝቅ ብሎ፣ ከመያዣው ፊት ለፊት ባለው ጎን በጋለ ምስማር አንድ ቀዳዳ ይብሱ። ሁለት ባላ እንጨት ይትከሉ፣ በላያቸው አግዳሚ ያስቀምጡ፣ ጄሪካኑን በመያዣው አሳልፈው በአግዳሚው ላይ ያንጠልጥሉት። ከክዳኑ ሥር ሲባጎ አስረው ወደ መሬት ያውርዱትና ጫፉን በአንድ ዘንግ ላይ ይቋጩት። ዘንጉን በእግር ሲረግጡት ጄሪካኑ ያዘነብላል፣ ከቀዳዳው ቀጭን ውሃ ይወርዳል፤ እግር ሲነሳ ይመለሳል። ሳሙናውን በአሮጌ ካልሲ ውስጥ ከትተው አጠገቡ ይስቀሉት፤ መሬት አይወድቅም፣ ማንም ኪሱ አይከተውም። ከሽንት ቤት የመጣ ሰው ጄሪካኑን በእጁ አይነካውም፤ ውሃውም ይቆጥባል። ሦስት ሰው በግማሽ ሰዓት ውስጥ ሁለት ይሠራል። አንዱ ከሽንት ቤቱ፣ ሌላው ከማብሰያው አጠገብ ይቁም።

ሽንት ቤት

መጀመሪያ ያለውን ይዩ። የትምህርት ቤቱ ወይም የደብሩ ሽንት ቤት ለእንግዳ የሚበቃ ከሆነ ያስጠርጉት፣ መብራት ያስገቡለት፣ አንድ ከረጢት አመድ ከነመስፈሪያው በሩ ላይ ያስቀምጡ። ለጠራጊው የሚከፈለው ገንዘብ ከጉዞው ወጪ ሁሉ ርካሹ ነው።

ለሃያ ሰው አንድ መቀመጫ ይቁጠሩ። ለስልሳ ሰው ሦስት ነው፤ ሁለቱ ለሴቶች ይሁኑ። በእኩል አከፋፍሎ ሴቶቹን ማሰለፍ የተለመደ ስሕተት ነው፤ በጉዞ ላይ ከግማሽ በላይ ሴቶች መሆናቸውን ማንም አስተባባሪ ያውቃል፣ ሲቆፍር ግን ይረሳዋል።

መቆፈር ግድ ከሆነ ባለቤቱ የፈቀደው ቦታ ላይ፣ ከውሃ ጉድጓድም ከምንጭም ከመስኖ ቦይም ቢያንስ 30 ሜትር ርቆ፣ ከውሃው ዝቅ ብሎ ይሁን። ለአንድ ሌሊት ስፋቱ 30 ሳንቲ ሜትር፣ ጥልቀቱ እስከ አንድ ሜትር የሆነ ቦይ ይበቃል። የወጣው አፈር በአንድ ጎን ይከመር፤ ተጠቃሚው ሁሉ አንድ አካፋ አፈር ይጨምርበት። በአራት ካስማ ሸራ ይጋርዱት፤ ለእያንዳንዱ መቀመጫ ለየብቻው። ሸራው ከመሬት እንዲነሳ አይተዉት። ወደዚያ የሚወስደው መንገድ ላይ ፓውዛ ይብራ፤ በሌሊት ሴቶች ሁለት ሁለት ሆነው ይሂዱ።

እስከ ሽንት ቤቱ መሄድ ለሚከብዳቸው አዛውንቶች በአውቶቡሱ የኋላ በር አጠገብ መጋረጃ ያድርጉና ክዳን ያለው ባለ 20 ሊትር ባልዲ ያስቀምጡ። ሥሩ ላይ ሰጋቱራ ይነስነስ፤ ከእያንዳንዱ አጠቃቀም በኋላም ይጨመርበት። ሰጋቱራ ከአናጢ ቤት በነጻ ይገኛል፣ ሽታውን ይይዛል፤ ጠዋት ቦዩ ውስጥ ተደፍቶ ይቀበራል። የሴቶች የወር አበባ መጠበቂያ ለብቻው በሚዘጋ ከረጢት ይሰብሰብ እንጂ ቦዩ ውስጥ አይጣል።

ሌሊቱ

ስልሳ ሰው በስልሳ ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ ማደር ይችላል፤ ጠዋት ግን ግማሹ እግሩ ያብጣል። የኋለኛውን ረጅም ወንበር ለአዛውንት፣ ለነፍሰ ጡርና ለታመመ ይተዉት። የቀረው በድንኳን ይደር፤ ወንዶች በአንድ በኩል፣ ሴቶችና ሕፃናት በሌላው።

መርሳ ቆላ ነው። ከክረምት በኋላ ባሉት ወራት ወባ ስላለ አጎበር ሳይዙ ሜዳ ላይ መተኛት የለም። ድንኳን ውስጥ አጎበር ለመስቀል ከጣሪያው አንድ ሲባጎ አስቀድመው ያሳልፉ። በማግስቱ ግን ከ3,000 ሜትር በላይ ወደሚሆነው ደጋ ይወጣሉ፤ አንዱ ሌሊት አንሶላ፣ ቀጣዩ ሁለት ብርድ ልብስ ይፈልጋል። ጋሸና አካባቢ መኪና ተበላሽቶ የማደር ነገር ቢመጣ ሁሉም አውቶቡሱ ውስጥ ይግባ።

ያኔ የሚመጣው ፈተና ከሰል ነው። «ምድጃውን ትንሽ አስገብተን እንሙቅ» የሚል ይኖራል። በፍጹም። በተዘጋ አውቶቡስ ወይም ድንኳን ውስጥ የሚነድ ከሰል ሽታ የሌለው መርዝ ያወጣል፤ እንቅልፍ የወሰደው ሰው አይነቃም። ጄኔሬተርም ከመስኮትና ከድንኳን ራቅ ብሎ፣ ነፋሱ ወደ ውጪ በሚወስድበት በኩል ይቁም። ሞተሩን እያስነሱ መሞቅም እንዲሁ ክልክል ነው። የሚያሞቀው ብርድ ልብስ፣ ጋቢና ተጠጋግቶ መተኛት ነው።

አራት ሰው በፈረቃ ይጠብቅ። የቀይ መስቀል አምቡላንስ ቁጥር 907 ሁሉም ስልክ ላይ ይመዝገብ፤ ኔትወርክ ላይኖር ስለሚችል ወደ ጤና ተቋሙ የሚወስድ መኪና ያለው የሰፈሩ ሰው ማን እንደሆነ ማታውኑ ይጠይቁ።

ምግብ

ገና የሚገባው በጾመ ነቢያት ማብቂያ ስለሆነ መንገዱ ሁሉ የጾም ነው፤ ይህም ሥራውን ያቀለዋል። በሶ፣ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ሽሮና ድርቆሽ ማቀዝቀዣ አይፈልጉም። ትኩስ እንጀራ በመርሳ ሙቀት ቶሎ ስለሚሻግት ከሁለተኛው ቀን በኋላ በድርቆሽ ይተኩት። የሚነደው ቡታ ጋዝ ይሁን፤ የደብር ዛፍ ቆርጦ ማገዶ ማድረግ ነውር ነው። የመርሳ ፓፓያና ብርቱካን ሳይቀምሱ አይለፉ።

ጠዋትና ዳገቱ

ናፍታ ማታውኑ ወልድያ ላይ ወይም ከዚያ በፊት ይሞላ። ክፍያው በቴሌብርና በመሳሰሉት ስለሆነ ኔትወርክ ሲጠፋ ማደያው ነዳጅ ይዞም ሳይሸጥልዎ ይውላል፤ ሰልፍም አለ።

ቦዩ በጠዋት ይደፈን፤ አፈሩ ከፍ ብሎ ይከመርበት፣ ይረገጥ፣ ባለቤቱ ይየው። ቆሻሻው በማዳበሪያ ተሰብስቦ ከተማው ወደሚጥልበት ይሂድ፤ የፕላስቲክ ጠርሙስ ከታጠበ ሰፈሩ ውስጥ ለዘይትና ለወተት የሚፈልገው ሰው ስለማይጠፋ ይጠይቁ። ሰው ይቆጠር። ታኮው የሚወጣው ሾፌሩ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ፣ ሞተሩ ተነስቶ፣ ንፋሱ ሞልቶ ነው፤ የንፋስ ፍሬን ያለው አውቶቡስ ግፊቱ ሳይሞላ አይንቀሳቀስም፣ መንቀሳቀስም የለበትም።

ከወልድያ ላሊበላ በጋሸና በኩል 170 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ወደ ድልብ የሚያወጣው ዳገት ከከተማው እንደወጡ ይጀምራል። ይህ ከወልድያ እስከ ወረታ የሚዘልቀው፣ በደርግ ዘመን ቻይናዎች የሠሩት መንገድ ነው። ለዳገቱ የውሃ ጄሪካኖቹን ግማሽ ያድርጓቸው፤ ላሊበላ ውሃ ይገኛል፣ ራዲያተሩ ግን መንገድ ላይ ሊጠይቅ ስለሚችል ሁለቱ ሙሉ ይሁኑ። ሞተሩ ከጋለ ሾፌሩ ቆሞ ያብርደው፤ የጋለ ራዲያተር ክዳን የሚከፍት ረዳት ካዩ እጁን ይያዙት።

ሲመለሱ ያው ዳገት ቁልቁለት ነው፤ አደገኛው እሱ ነው፤ ሁሉም ደክሟል፣ ሾፌሩም ቤቱ ናፍቆታል። በወጣበት ማርሽ ይውረድ፤ ፍሬን ላይ እግሩን ጭኖ አይውረድ። የተቃጠለ ጎማ የሚመስል ሽታ ከመጣ ጠርዝ ይዞ ይቁም፣ ታኮ ይግባ፣ ሰው ይውረድ፣ ጎማዎቹ ላይ ውሃ ሳይደፉ በራሳቸው ይብረዱ። በበዓሉ ሌሊት ቆሞ ያደረ ሾፌር በማግስቱ አይንዳ፤ አንድ ቀን ላሊበላ ይረፍ። መርሳ ላይ የሚገዛው ፍሬ ከታች ዕቃ ማስቀመጫው ውስጥ ይጫን፤ አሁን የውሃው ቦታ ባዶ ነው።